ከፍቺ በኋላ ቤትንና ሌላውን ንብረት መካፈል፦ ከእግድ እስከ ስም ዝውውር

«ካርታው በእሱ ስም ነው፤ እኔ ምን አለኝ?» የሚለውን ጥያቄ በቤተሰብ ችሎት ኮሪደር ላይ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላስታውስም። የተገላቢጦሹም አለ፤ «በስሜ ስለሆነ ማንም አይነካብኝም» ብሎ ተዝናንቶ የሚመጣ ሰው። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ስሕተታቸውም አንድ ነው። በሕጋችን የትዳር ንብረት የሚከፋፈለው በተመዘገበበት ስም አይደለም። የሚታየው መቼ ተገኘ፣ በምን ገንዘብ ተገኘ የሚለው ነው። ይህን የያዘ ሰው ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ይቀለዋል፤ ያልያዘ ግን መብቱን በዝምታ ይጥላል፣ አለዚያም የማያሸንፈውን ክርክር ለዓመታት ይገፋል።

የምጽፈው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በሚሠራበት በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ላይ ተመሥርቼ ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፤ ለምሳሌ አማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 79/1995ን፣ ኦሮሚያ አዋጅ ቁጥር 69/1995ን አውጥተዋል። የክፍፍሉ መሠረት ተቀራራቢ ነው። የአንቀጽ ቁጥሮቹና አንዳንድ ዝርዝሮች ግን ስለሚለያዩ፣ በክልል ፍርድ ቤት የሚከራከር ሰው የክልሉን አዋጅ በእጁ ይያዝ። ሁለቱም ወገኖች ፈቅደው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሄዱ ደግሞ ጉዳዩ የሚታየው በእስልምና ሕግ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ከባድ ነገር ልናገር። ማን በደለ፣ ማን ትዳሩን አፈረሰ የሚለው ጥያቄ የንብረቱን ድርሻ አይለውጥም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለፍቺው ጥፋተኛ የተባለው ወገን ከጋራ ንብረቱ የሚያገኘው ሊቀነስበት ይችል ነበር። አሁን ባለው ሕግ የጋራ ንብረት እኩል ይከፈላል። ፍትሕ የሚጠይቅ ሆኖ ሲገኝ ፍርድ ቤቱ ለፍቺው ምክንያት የሆነው ወገን ለሌላው ካሣ እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል፤ እሱ ግን ራሱን ችሎ የሚጠየቅ ነው። ስለዚህ በንብረት ክፍፍል አቤቱታዎ ላይ ሦስት ገጽ ስለ በደል ጽፈው ስለ ቤቱ አንድ አንቀጽ ብቻ አይጻፉ። ቁስሉ እውነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ዳኛው በዚያ ዕለት የሚፈልጉት ቀንና ደረሰኝ ነው።

1. ቤቱ ከእጅ እንዳይወጣ

ስለ ድርሻ ከማሰብዎ በፊት የሚካፈሉት ነገር ባለበት መቆየቱን ያረጋግጡ። የፍቺ ወሬ በተነሣ ሰሞን መኪና ይሸጣል፣ የባንክ ሒሳብ ባዶ ይሆናል፣ ቤት ለወንድም ወይም ለእኅት በስጦታ ይዛወራል። ሕጉ ይህን አስቀድሞ አይቶታል። በአንቀጽ 68 መሠረት አንዱ ተጋቢ የጋራ የሆነውን የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሌላው ስምምነት ሊሸጥ፣ ሊለውጥ፣ በመያዣ ሊሰጥ ወይም በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሊያስተላልፍ አይችልም። ይህ ተጥሶ ከተገኘ በአንቀጽ 69 መሠረት ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይቻላል። ጊዜው ግን አጭር ነው፦ ድርጊቱን ካወቁበት ቀን ጀምሮ 6 ወር፣ በማናቸውም ሁኔታ ደግሞ ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት። ስድስት ወር ሽማግሌ ሲላክና ሲመለስ ሳይታወቅ ያልቃል።

ስለዚህ ከፍቺ አቤቱታው ጋር የእግድ አቤቱታ፣ ማለትም ንብረቱ እንዳይሸጥና እንዳይዛወር ፍርድ ቤቱ እንዲያዝ የሚጠይቅ ማመልከቻ፣ ያቅርቡ። አንቀጽ 82 ፍርድ ቤቱ የፍቺ ጥያቄ ሲቀርብለት ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆቹ አጠባበቅና ቀለብ፣ ስለ ንብረቱም አስተዳደር ወዲያውኑ ተገቢውን ትእዛዝ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። በአቤቱታው ላይ የቤቱን ቁጥር፣ ወረዳውን፣ የካርታውን ቁጥር፣ የመኪናውን ሰሌዳ፣ ባንኩንና ቅርንጫፉን በስም ይጥቀሱ። «ንብረታችን ሁሉ ይታገድልኝ» የሚል ጥያቄ የሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት አያገኝም።

እግዱ ከተሰጠ በኋላ ብዙ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። እግድ መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ቤት አያድንም። ትእዛዙ ለይዞታ ምዝገባ ጽሕፈት ቤቱ፣ ለሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት፣ ለተሽከርካሪ ምዝገባ ክፍሉና ለባንኩ ለየብቻ መድረስ አለበት። ደብዳቤው ወጪ እንዲሆን ይከታተሉ፤ ሲያደርሱም በቅጂው ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን አስጽፈው፣ ማኅተም አስመትተው ይመለሱ።

ክርክሩ እስኪያልቅ ማን በቤቱ ይቀመጥ? ይህንንም ፍርድ ቤቱ ይወስናል፤ ሲወስንም የልጆቹን ጥቅም፣ ቤቱን በመልቀቅ ይበልጥ የሚጎዳውንም ወገን ያያል። ከቤት መውጣት ድርሻን መተው አይደለም። ዱላ ያለበት ቤት ውስጥ «ከወጣሁ ቤቱን አጣለሁ» ብላ የምትቀመጥ ሴት ካለች፣ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ደግማ ታንብበው። ስትወጣ ግን የካርታውን፣ የሊብሬውንና የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ቅጂ ይዛ፣ የቤቱን ዕቃ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትውጣ።

2. ዝርዝሩን በወረቀት ማስፈር

ሰው በክፍፍል ክርክር የሚሸነፈውም የሚያሸንፈውም እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ምሽት ይቀመጡና ሰፋ ያለ ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ ንብረት ስድስት ነገር ይጻፉ፦ ምንድን ነው፣ መቼ ተገኘ፣ ገንዘቡ ከየት መጣ፣ በማን ስም ነው፣ አሁን በማን እጅ ነው፣ ማስረጃው የት ይገኛል። ቤትና መኪና ማንም አይረሳም። የሚረሱት የአክሲዮን ድርሻ፣ ለሰው ያበደሩት ገንዘብ፣ ያልደረሰ ዕቁብ፣ የቤት ሥራ ማኅበር መዋጮ፣ ለኮንዶሚኒየም የሚቆጠብ ሒሳብ፣ ለሱቅ የተከፈለ ቅድመ ኪራይ፣ በወላጅ ግቢ ውስጥ የተሠራ ቤት ናቸው።

የሚከብደው ማስረጃው ነው። አንዲት ሴት ባሏ «ቤቱን የሠራሁት ከጋብቻ በፊት ነው» ብሎ ሲከራከር አንድ ፌስታል ሙሉ ደረሰኝ ይዛ ችሎት ስትገባ አይቻለሁ። የሲሚንቶ፣ የብረት፣ የቆርቆሮ ደረሰኞች፣ ዓመት በዓመት በላስቲክ ታስረው። ስትፈታቸው ግማሾቹ ነጭ ወረቀት ሆነው ነበር፤ የማሽን ደረሰኝ ቀለሙ በሙቀትና በጊዜ ይጠፋል። እጇ ላይ የቀረው ያለ ጽሑፍ የተጠቀለለ ወረቀት ነው። ያዳናት የግንባታ ፈቃዱ ቀንና ከደመወዝ ሒሳቧ ለዕቃ አቅራቢው የተላለፈው ገንዘብ የባንክ መግለጫ ነበር። ስለዚህ ደረሰኝ ያለዎት ዛሬውኑ ፎቶ ኮፒ ያድርጉ፤ የሌለዎት ደግሞ የግንባታ ፈቃድ፣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪ የገባበትን ቀን፣ የባንክ ዝውውር፣ ቤቱን የሠራውን ግንበኛና ጎረቤት በምስክርነት ያስቡ።

በሌላኛው ወገን ስም ያለን የባንክ ሒሳብ ባንኩ ለእርስዎ አያሳይም። በአቤቱታዎ ላይ ባንኩ የሒሳቡን እንቅስቃሴ ለፍርድ ቤቱ እንዲልክ ይታዘዝልኝ ብለው ይጠይቁ፤ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነም ይጻፉ። ፍቺው ሊጀመር ወራት ሲቀሩት የወጣ ትልቅ ገንዘብ የሚታየው በዚህ ነው።

3. የግልን ከጋራ መለየት

የጋብቻ ውል ካላችሁ መነሻው እሱ ነው። ከሌለ ሕጉ እንዲህ ይላል። በጋብቻው ዕለት በእጅ የነበረ ንብረት፣ ከጋብቻ በኋላም በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዱ የመጣ ንብረት የግል ነው (አንቀጽ 57)። በትዳር ዘመን በአንዱም ሆነ በሁለቱ ጥረት የተገኘ ገቢና በዚያ የተገዛ ሁሉ የጋራ ነው (አንቀጽ 62)። ለሁለቱ አንድ ላይ የተሰጠ ስጦታም የጋራ ነው። ማንኛውም ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብ እንኳ፣ ያ ሰው የግሌ ነው ብሎ ካላስረዳ በቀር የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል (አንቀጽ 63)። ይህ የመጨረሻው ከባድ ክንድ አለው፤ የማስረዳት ሸክሙ «የግሌ ነው» በሚለው ወገን ትከሻ ላይ ነው የወደቀው። ደመወዝ የማታገኝ፣ ቤት ውስጥ ልጅ ስታሳድግ የኖረች ሚስት «አንቺ ምን አዋጣሽ?» ስትባል አንገቷን የምትደፋበት ምክንያት የለም። ሕጉ መዋጮዋን እንድታስረዳ አይጠይቃትም።

አሁን ሰው የሚደናገርባቸውን አንድ በአንድ ልንካ።

ከጋብቻ በፊት የነበረ ቤት ኪራይ። ቤቱ የግል ነው፤ በትዳር ዘመን የገባው ኪራይ ግን የጋራ ነው፤ ሕጉ ከግል ንብረት የሚገኝን ገቢ ሁሉ የጋራ ያደርገዋልና። በዚያ ኪራይ የተገዛ መኪናም እንዲሁ። ብዙ ባለቤቶች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ።

በግል ገንዘብ የተገዛ ንብረት። የግል መሬት ወይም መኪና ሸጠው በዚያው ገንዘብ ሌላ ቢገዙ፣ አዲሱ ንብረት በራሱ የግል አይሆንም። ፍርድ ቤት የግል ነው ብሎ እንዲወስንልዎ መጠየቅ አለብዎት (አንቀጽ 58)። ሰው ይህን የሚያውቀው ትዳሩ ሲፈርስ ነውና ቢያንስ የሽያጩን ውልና ገንዘቡ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ የሄደበትን መንገድ ሳይቋረጥ ለማሳየት ይዘጋጁ።

ከጋብቻ በፊት ተጀምሮ በትዳር ውስጥ ያለቀ ቤት። እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጥ ሰው ይጠንቀቁ። ቦታው መቼ ተገኘ፣ በጋብቻው ዕለት ግንባታው የት ደርሶ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ስንት ወጣ የሚሉት በማስረጃ ይለያሉ። ቤቱ የአንዱ ሆኖ ቢወሰን እንኳ፣ ሌላው ወገን ከጋራ ገንዘብ ለማስጨረሻ፣ ለእድሳትና ለተጨማሪ ክፍሎች ከወጣው ላይ ድርሻውን መጠየቅ ይችላልና በአቤቱታው ላይ ይህን አማራጭ ዳኝነት (ዋናው ጥያቄ ካልተሳካ እንዲወሰንለት የሚጠይቀው) አድርጎ ማስገባት አይርሳ። «ቤቱ ይካፈል» ብቻ ብሎ ጠይቆ ሲወድቅበት ባዶ እጁን የሚወጣ ሰው አለ።

ኮንዶሚኒየም። በ1997 ወይም በ2005 ዓ.ም. አንዱ ወገን ሳያገባ ተመዝግቦ፣ ዕጣው ከጋብቻ በኋላ ሲወጣ ክርክር ይነሣል። ምዝገባ ብቻውን ቤት አይደለም። ቁጠባው፣ ቅድመ ክፍያውና ወርኃዊው የባንክ ክፍያ መቼ፣ ከየት እንደተከፈለ የሚያሳየውን የባንክ መግለጫ ያውጡ። ቤቱ በሽያጭ እንዳይተላለፍ የተከለከለበት የ5 ዓመት ጊዜ ካላለፈ ሸጦ መካፈል ስለማይቻል፣ አንዱ ወስዶ ለሌላው የሚከፍልበት መንገድ ይቀድማል።

የቀበሌ ቤት። የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ሁለታችሁም ባለቤት አይደላችሁም። ጥያቄው የኪራይ ውሉ በማን ስም ይቀጥል የሚል ነው፤ የሚያነጋግሩትም ቤቱን የሚያስተዳድረውን መሥሪያ ቤት ነው። ካርታ የሌለው፣ በተለምዶ የጨረቃ ቤት የሚባለውም ችግር አለው፤ ፍርድ ቤት ሕጋዊ ይዞታ የሌለውን ቤት እንደ ባለ ካርታ ቤት ለማካፈል ይቸገራል።

የገጠር መሬት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የሚከፋፈለው የመጠቀም መብቱ፣ በላዩ ያለው ሰብል፣ ባሕር ዛፍና ቤት ነው። ባልና ሚስት በይዞታ ደብተሩ ላይ ሁለቱም ስማቸው ከሰፈረ ነገሩ ቀላል ነው። መሬቱ ተከፍሎ ከአነስተኛው የይዞታ መጠን በታች የሚወርድ ከሆነ ግን የክልሉ ሕግ የሚለውን አስቀድመው ከወረዳው የመሬት አስተዳደር ይጠይቁ።

ወርቅና ጥሎሽ። ለሙሽራዋ የተሰጠው የእሷ ነው፤ ለሁለቱ የተሰጠው የጋራ ነው። የሠርግ ፎቶና የቤተሰብ ምስክር ይበቃል። የቤት ዕቃን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፦ ዘርዝረው፣ ልጆቹ ከሚኖሩበት ቤት አልጋና ማብሰያ ሳይነሣ፣ በአንድ ቀን ተነጋግረው ይጨርሱ። ለምንጣፍ የሚከፈል የጠበቃ ገንዘብ ምንጣፉን ሁለቴ ይገዛል።

ንግድ ቤት። ፈቃዱ በአንዱ ስም መሆኑ ለውጥ አያመጣም። በትዳር ዘመን የተገነባው ካፒታልና ትርፍ የጋራ ነው፤ ያልተከፈለው ግብርም እንዲሁ። ሒሳቡ በባለሙያ እንዲመረመር ይጠይቁ።

ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው ለኖሩም ሕጉ በር ከፍቷል። ግንኙነቱ ከ3 ዓመት ያላነሰ ከሆነ በዚያ ጊዜ የተገኘው ንብረት እንደ ተጋቢዎች የጋራ ንብረት ይታያል (አንቀጽ 102)። እዚህ ላይ ትግሉ አብሮ መኖሩን በጎረቤት፣ በእድር መዝገብ፣ በልጆች የልደት ምስክር ወረቀትና በመሳሰለው ማስረዳት ነው።

4. ዕዳው

ከመከፋፈል በፊት ዕዳ ይከፈላል። ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባ ዕዳ፣ አንዱ ብቻ ቢፈርምበትም፣ የሁለቱ ነው፤ ለልጆች ትምህርት፣ ለሕክምና፣ ለኑሮ የተበደሩት ከዚህ ይመደባል። አንዱ ለራሱ ጉዳይ የገባበት ዕዳ በመጀመሪያ ከግሉ ይከፈላል። በፍቺ ሰሞን ድንገት ብቅ የሚል «ከአጎቴ የተበደርኩት» ወረቀት ይመረመራል፦ ገንዘቡ መቼ ገባ፣ ለምን ዋለ፣ በባንክ ነው ወይስ በእጅ?

የባንክ ብድር ያለበት ቤት የራሱ ነገር አለው። ባንኩ በፍቺው ስምምነት አይገደድም። «ከእንግዲህ ዕዳውን እሱ ይከፍላል» ብላችሁ ብትፈራረሙ፣ በብድር ውሉ ላይ የፈረመችው ሚስት ባንኩ እስካልለቀቃት ድረስ ተጠያቂ ናት። ስለዚህ ከመፈራረም በፊት ወደ ባንኩ አብራችሁ ሂዱ፤ ቀሪውን ዕዳ በጽሑፍ ያውጣላችሁ፣ ብድሩን ወደ አንድ ስም ለማዛወር ምን እንደሚፈልግም ይንገራችሁ።

5. ዋጋና ስሌት

በግምት ላይ የሚፈጠር ስሕተት ድርሻን ይበላል። በባለሙያ የሚሰጥ ግምት አንዳንድ ጊዜ የግንባታውን ዋጋ ብቻ ያሳያል፤ ቦታው ያለበት ሰፈር የሚያወጣው ገንዘብ አይገባበትም። ቤቱን የሚለቅ ወገን የገበያ ዋጋ እንዲጠና ይጠይቅ፤ ግምቱ ሲቀርብም አስተያየት የመስጠት ዕድሉን አይለፍ። ግምቱ ከተሠራ ዓመት ካለፈውም እንዲታደስ ይጠይቅ።

ስሌቱን በምሳሌ ላሳይ። ቤቱ 6,000,000 ብር ያወጣል እንበል። የባንክ ዕዳው 1,200,000 ብር ነው። ባልየው ከጋብቻ በፊት የነበረውን መኪና ሸጦ 400,000 ብር ለቤቱ ማስገባቱን በሰነድ አስረድቷል፤ የግል ንብረት ተሸጦ ዋጋው ከጋራው ጋር ሲቀላቀል ባለቤቱ ያንኑ ያህል አስቀድሞ የማንሣት መብት አለው (አንቀጽ 86)።

ከ6,000,000 ላይ ዕዳው ሲነሣ 4,800,000፣ የባልየው 400,000 ሲነሣ 4,400,000 ይቀራል። የእያንዳንዳቸው ድርሻ 2,200,000 ብር ነው። ቤቱን ከነዕዳው ሚስት የምትወስደው ከሆነ ለባልየው 2,600,000 ብር ትከፍላለች፤ ይኸውም ድርሻው 2,200,000 እና የራሱ 400,000 ነው። መኪና፣ ተቀማጭ ወይም ወርቅ ካለም ከዚሁ ጋር ተቀናንሶ የሚከፈለው ጥሬ ገንዘብ ሊያንስ ይችላል። ይህን ስሌት በወረቀት ጽፈው ሽማግሌዎች ፊት ዘርግተው ሲቀመጡ ድምፅ ዝቅ ይላል። ሰው የሚጮኸው ቁጥሩን ሳያውቅ ነው።

6. ቤቱን በምን መንገድ?

ሕጉ የሚያስቀድመው በዓይነት መካፈልን፣ ማለትም ንብረቱን ራሱን ከፍሎ መውሰድን ነው፤ ድርሻው እኩል ካልመጣ ልዩነቱ በገንዘብ ይስተካከላል። ሰፊ ግቢ ውስጥ ዋና ቤትና ሰርቪስ ቤት ካለ፣ ግቢው ተሸንሽኖ ሁለት ካርታ ሊወጣለት ይችል እንደሆነ በመጀመሪያ የክፍለ ከተማውን ባለሙያ ይጠይቁ። በወረቀት ላይ ተካፍለው መሥሪያ ቤቱ «ከመለኪያው በታች ነው» ብሎ የሚመልሳቸው አሉ። መግቢያው፣ የውኃ መስመሩና የመጸዳጃ ጉድጓዱ በማን በኩል እንደሚቀርም ከወዲሁ ይጻፍ፤ በአንድ በር ሲገቡና ሲወጡ የሚጋጩ የተፋቱ ሰዎች ሕይወት መራራ ነው።

በዓይነት የማይቻል ከሆነ አንዱ ይወስድና ለሌላው ይከፍላል። ልጆች ከእናት ወይም ከአባት ጋር በዚያው ሰፈር ትምህርታቸውን የሚቀጥሉ ከሆነ ይህን መንገድ አጥብቄ እደግፋለሁ። ክፍያው በአንድ ጊዜ ካልሆነ የመክፈያ ቀኖቹ፣ ሲዘገይ የሚደርሰው ውጤት፣ የስም ዝውውሩ ከስንተኛው ክፍያ በኋላ እንደሚፈጸም በግልጽ ይስፈር። ሁለቱም ልውሰድ ካሉ በመካከላቸው ዋጋ ተጫርተው የበለጠ የሰጠው ይወስዳል።

ሦስተኛው፣ በስምምነት ገበያ አውጥቶ ሸጦ መካፈል ነው። ዝቅተኛውን ዋጋ፣ የደላላውን ክፍያ ማን እንደሚችል፣ ቤቱ እስኪሸጥ ማን እንደሚኖርበት አስቀድመው ይጻፉ። በዚህም ካልተስማሙ የሚቀረው ሐራጅ ነው። ሐራጅ የሁለቱም ሽንፈት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ገዢው ክርክር ያለበት ቤት መሆኑን ስለሚያውቅ ዋጋ ይሰብራል። ግዴታ ሐራጅ ላይ ከደረሰ የመነሻ ዋጋው ዝቅ ብሎ እንዳይተመን ይከራከሩ፤ አቅም ካለዎትም እርስዎም መጫረት እንደሚችሉ አይዘንጉ።

አከራይቶ ኪራይ መካፈልም አለ። ለጊዜው ይሠራል፤ ማን እንደሚሰበስብ፣ ጥገናና ግብር ከየት እንደሚከፈል፣ መቼ እንደሚያበቃ ካልተጻፈ ግን ሌላ ክስ ይወልዳል።

7. ስምምነት ወይስ ክስ

በስምምነት ከተፋታችሁ የንብረት ስምምነቱን ከፍቺ ጥያቄው ጋር ለፍርድ ቤት ታቀርባላችሁ፤ ፍርድ ቤቱም መርምሮ ያጸድቀዋል። በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ከሚቀር ይጸድቅ፤ የጸደቀ ስምምነት እንደ ፍርድ ይፈጸማል። በስምምነቱ ውስጥ «ሁሉንም በሰላም ተካፍለናል» የሚል ሐረግ ብቻውን ካዩ አይፈርሙ። የቤት ቁጥር፣ የካርታ ቁጥር፣ የብር መጠን፣ ቀን ይፈልጋል። በችኮላ፣ «ልጆቹን ብቻ ስጠኝ፣ ንብረቱን ውሰድ» ብሎ መፈረምም አይበጅም፤ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው ቤት ያስፈልገዋል።

ካልተስማማችሁ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ጉዳዩን የሚያየው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ነው። ፍቺው መጀመሪያ ተወስኖ ንብረቱ በሌላ አቤቱታ የሚቀጥልበት ጊዜ አለ። ያኔ የፍቺውን ውሳኔ ግልባጭ፣ የንብረት ዝርዝሩን፣ የሰነድ ማስረጃውንና የምስክሮችን ስም አያይዘው ያቅርቡ። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት ፍርድ ቤቱ በራሱ አስማሚዎች በኩል የሚያገናኝበት መንገድ አለ። ወደዚያ ክፍል ሲላኩ እንደ ጊዜ ማባከን አይዩት፤ የአምስተኛው ክፍል ስሌት በእጅዎ ካለ በአንድ ወይም በሁለት ቀጠሮ ሊያልቅ ይችላል።

የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ፣ ማለትም ያለ ክፍያ፣ ክስ እንዲያቀርብ እንዲፈቀድለት ሊጠይቅ ይችላል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም የነፃ የሕግ ድጋፍ ማእከል አሏቸው። በውሳኔው ቅር ከተሰኙ የይግባኝ ጊዜው ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው፤ ግልባጩን በዚያው ሳምንት ይጠይቁ።

8. ፍርዱን ወደ ካርታ መለወጥ

ፍርድ አግኝተው ካርታው ሳይዛወር ዓመታት ያለፋቸው ሰዎች አውቃለሁ። አንደኛው ወገን ሲሞት ወራሾቹ በካርታው ላይ ያለውን ስም ይዘው ይመጣሉና ክርክሩ ከአዲስ ሰዎች ጋር እንደገና ይጀመራል። ስለዚህ የፍርዱ ወይም የጸደቀው ስምምነት የተረጋገጠ ግልባጭ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ይዞታ ምዝገባው ይሂዱ። ቀድሞ የተሰጠው እግድ እንዲነሣ ከፍርድ ቤቱ ደብዳቤ ያስጽፉ፤ ራስዎ ያስጣሉት እግድ የራስዎን ዝውውር ያስቆማል። የጣሪያና ግድግዳ ግብሩ፣ ሊዝ ካለም የሊዝ ክፍያው እስከ ዓመቱ መከፈሉን የሚያሳየውን ማስረጃ ይያዙ። ሌላኛው ወገን በፈቃዱ ካልፈጸመ የአፈጻጸም መዝገብ ይከፍቱና ፍርድ ቤቱ ለመሥሪያ ቤቱ በቀጥታ እንዲያዝ ይጠይቃሉ።

የመኪናውን ሊብሬ፣ የአክሲዮኑን መዝገብ፣ የመብራትና የውኃ ውሉን በተመሳሳይ ያዛውሩ። የጋራ የባንክ ሒሳብ ካለ ይዘጋ። ለሌላኛው ወገን የሰጡት ውክልና ካለ ይሻሩት፤ ትዳር ሲፈርስ ውክልናው መሳቢያ ውስጥ እንደተቀመጠ የሚረሳ ሰነድ ነው፣ አንድ ቀን ግን ቤት ይሸጥበታል። ፍቺውንም በወረዳው ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ያስመዝግቡና የፍቺ ምስክር ወረቀት ይውሰዱ። ነገ ቤት ሲገዙ ወይም ሲሸጡ ሰነዶች ማረጋገጫ የጋብቻ ሁኔታዎን ይጠይቅዎታል፤ ያኔ የሚያቀርቡት ይህንኑ ወረቀት ነው።

አዲሱ ካርታ በእጅዎ ሲገባ ከመስኮቱ ሳይርቁ ያንብቡት፦ ስሙ እስከ አያት በትክክል ተጽፏል? የቦታው ስፋት ፍርዱ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው? የቤት ቁጥሩስ? አንድ ፊደል እንኳ ከተሳሳተ ባለሙያው ፊት እያሉ እንዲታረም ይጠይቁ።